የእትዬ ጄል ቀኝ ትከሻ

እትዬ ጄል የማትወዳቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው፣ ቀዝቃዛው የምርመራ ጄል ገና ሆዱን ሲነካው ከአልጋው ላይ ሊዘል የሚቃጣው ጎልማሳ ነው። ሁለተኛው «ምንም የለብሽም» የሚል ወረቀት ነው። የመጀመሪያውን ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ችላው ኖራለች፤ ቅጽል ስሟንም ያተረፈችው ከዚያው ነው። ሁለተኛው ግን ሰኞ ጠዋት በፖስታ ታሽጎ የሥራ ክፍሏ ድረስ መጣላት።

የምትሠራበት ሆስፒታል የላከው ደብዳቤ ወሬ አያበዛም። በቀኝ ትከሻዋ ላይ የተደረገው የኤምአርአይ ምርመራ የጅማት ጉዳት አላሳየም፤ ስለዚህ «በሥራዬ ምክንያት ተጎዳሁ» ብላ ያቀረበችው አቤቱታ ውድቅ ሆኗል። ጤነኛ መሆኗን አምና ትፈርምና እንደ ወትሮው በቀን ሃያ አምስት ታካሚ መመርመሯን ትቀጥላለች። ጉዳይዋ እስከሚታይበት የሐሙስ ስብሰባ ካልፈረመች ግን ነገሩ «ሐሰተኛ አቤቱታ» ተብሎ ይያዝና ከሥራ ትሰናበታለች። ከግርጌው ለፊርማዋ አንዲት ቀጭን መስመር ተሰምሮላታል።

«ጤነኛ ነኝ ብዬ ልፈርም?» አለች ለባዶው ክፍል። «በየትኛው እጄ?»

የአልትራሳውንድ ሥራ ለማያውቀው ሰው ቀላል ይመስላል። ጨለም ያለች ክፍል፣ አንድ አልጋ፣ አንድ ማሽን፣ ፕሮብ የሚሏት በመዳፍ የምትያዝ መሣሪያ፤ በቃ። ታካሚው ተኝቶ ጣሪያውን ያያል፣ መርማሪዋ ስክሪኑን ታያለች። ማንም የማያየው ክንዷን ነው። ክንዷ በታካሚው ላይ ተንጠልጥሎ፣ ሆድ እየተጫነ፣ ጎን እየገፋ፣ አንዷን ፎቶ ለማግኘት አንዳንዴ አምስት ደቂቃ ሳይንቀሳቀስ ይቆማል። አልጋው ደግሞ ከፍና ዝቅ የማይል፣ የተሠራው ለረጅም ሰው ነው። እትዬ ጄል ረጅም አይደለችም። አልጋው ይቀየር ብላ የጻፈችው ማመልከቻ ቢደረደር ራሱን የቻለ አልጋ ይወጣው ነበር።

ሕመሙ መጀመሪያ ጸጉሯን ስታበጥር መጣ። ቀጥሎ ጃኬቷን ስትለብስ። ከዚያ አንድ ቀን የአንድ ሰውዬ ጉበት እያየች ሳለ ከትከሻዋ ፊት ለፊት አንድ ነገር «ቀጭ» አለና ፕሮቡ ከእጇ አመለጣት። ይቅርታ ጠይቃ አነሳችው። ሰውየው ጉበቱ ላይ የሆነ ነገር ያየች መስሎት ላብ በላብ ሆነ፤ እሱን ለማረጋጋት ራሱ ሩብ ሰዓት ፈጀባት።

በማግስቱ ማሽኑን ገፍታ ወደ አልጋው ሌላኛው ጎን አዞረችውና በግራ እጇ መሥራት ጀመረች። የመጀመሪያው ሳምንት ፊደል እንደሚቆጥር ሕፃን አደረጋት፤ ፕሮቡ ወደ ላይ ሂድ ሲሉት ወደ ታች ይሄዳል። ጥርሷን ነክሳ ለመደችው። ይኸው አራት ወር ሆናት። በሩ ዝግ ነው፣ ክፍሉ ጨለማ ነው፣ ታካሚው የሚያየው ጣሪያ ነው። በየትኛው እጅ እንደምትሠራ የጠየቃት አንድም ሰው የለም።

ማክሰኞ ጠዋት ባሏ ጃኬቷን ሲያለብሳት ደብዳቤው ኪስ ውስጥ ተንኮሻኮሸ። ባሏ የከተማ አውቶብስ ሹፌር ነው፤ ከሰው ጋር ሲከራከር የሚውል ሰው ስለሆነ ቤት ውስጥ ክርክር አይወድም። ወረቀቱን አውጥቶ አነበበው፣ አጣጥፎ መለሰው፣ የቀኝ እጅጌዋን በቀስታ ወደ ላይ ሳበላት።

«ፈርሚና ተገላገይ» አላት።

«ምን ብዬ?»

«ደህና ነኝ ብለሽ። ስንት ሰው ሳይሻለው ደህና ነኝ ይላል።»

«ሰው ሲጠይቀው ነዋ። እኔ አልተጠየቅኩም፤ ተነገረኝ።»

«እሺ፣ ሐሙስ ደርሶ ቢያስወጡሽስ?»

«ያስወጡኝ። ውሸት ፈርሜ ከምቆይ ውሸታም ተብዬ ብወጣ ይሻለኛል።»

ባሏ የጃኬቷን ቁልፍ እስከ አንገቷ ቆለፈላት። ልቡ እንዳዘነ ታውቃለች፤ ሲያዝን ነው ሁሉንም ቁልፍ የሚቆልፈው። «አንቺ ሴት፣ ፍሬን የለሽም» አላትና ወደ ሥራው ሄደ።

ሆስፒታሉ ውስጥ የምስል ክፍሉን የሚመራው ሐኪም ጎበዝ ሰው ነው፤ እትዬ ጄል ራሷ አትክድም። ብቻ ኤምአርአዩ ከገባ ወዲህ ፍቅር ይዞታል። ያ ትልቅ ነጭ ቀለበት ሲተከል ግድግዳ ፈርሶ ነው የገባው፤ ሐኪሙም ጠዋት ጠዋት ቡናውን ይዞ ሄዶ ያየዋል። ሠራተኛው «ጋሼ ማግኔት» ብሎታል። ጋሼ ማግኔት ለተለማማጅ ሐኪሞች የሚላት አንዲት አባባል አለችው፤ «አልትራሳውንድ የያዘውን ሰው ያህል ነው፤ ኤምአርአይ ግን ሰው አይመርጥም።» እትዬ ጄል ይህን በሰማች ቁጥር አንጀቷ ቅጥል ይላል። የሚያቃጥላት ደግሞ ግማሹ እውነት ስለሆነ ነው።

ረቡዕ በምሳ ሰዓት የኤምአርአዩን ባለሙያ ፍለጋ ወረደች። ሥራ ሲጀምር እሷ ናት ያለማመደችው፤ አሁን የሁለት ልጆች አባት ቢሆንም ሲያያት ገና እጁን ከኪሱ ያወጣል። የትከሻዋን ምስል ያነሳላትም እሱ ነው። ወረፋው ሁለት ወር ነበር። «አንቺ እያለሽማ ወረፋ አይባልም፣ እትዬ» ብሎ በምሳ እረፍቱ አስገባት። እጇን ወደ ውጭ ገልብጣ መተኛት ሲያማት፣ «ተይው፣ እንደሚመችሽ ሆድሽ ላይ አሳርፊው» አላት። ሌላው ሰው አርባ ደቂቃ የሚተኛበትን እሷ በሩብ ሰዓት ጨርሳ ወጣች። ያን ቀን አመስግናው፣ እግዜር ይስጥልኝ ብላ ነበር የሄደችው። ደብዳቤው ከመጣ በኋላ ግን ያቺ ሩብ ሰዓት አልዋጥልሽ አለቻት።

«ከስንት አቅጣጫ አነሳኸኝ?» አለችው።

ባለሙያው መሬት መሬት አየ። «እትዬ፣ ያኔ እኮ ጊዜ አልነበረም።»

«ከስንት?»

«ከፊት ወደ ኋላ ያለውን ብቻ።»

ሦስት መሆን ነበረበት። ትከሻን እንደ ዳቦ አግድም ቆርጦ የሚያሳየው ዋናው አቅጣጫ ጭራሽ አልተነሳም። ጋሼ ማግኔት የደረሰውን ምስል አንብቦ፣ በደረሰው ላይ ጉዳት ስላላየ «ጉዳት የለም» ብሎ ፈርሟል። የቀረ ነገር እንዳለ አልጠየቀም፤ የራሳችን ሰው ናት፣ መቼም ደህና አድርገው አንስተዋታል ብሎ ይሆናል። ባይተዋር ብትሆን ኖሮ ሦስቱም አቅጣጫ ይነሱላት ነበር። ዘመድነት ነው የጎዳት፤ እሷም እያወቀች በደስታ ነው የተቀበለችው። ይህን ስታስብ በራሷ አፈረች።

«ነገ ስብሰባው ላይ ትናገራለህ?»

«ያባርሩኛል፣ እትዬ። ያለ ወረፋ ማስገባት ክልክል ነው።»

ልትቆጣው ፈልጋ አቃታት። «ግድ የለም» አለችው። «እኔ በራሴ ማሽን አይቼዋለሁ። ከላይ ያለው ጅማቴ ላይ ጥቁር ቀዳዳ አለ። በገዛ ዓይናቸው አሳያቸዋለሁ።»

ሐሙስ በሦስት ሰዓት የስብሰባው ክፍል በር በጎማ ድምፅ ተከፈተ። መጀመሪያ የገባው የአልትራሳውንድ ማሽኑ ነው፤ ቀጥሎ በግራ ዳሌዋ የምትገፋው እትዬ ጄል። ውስጥ ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል፤ ጋሼ ማግኔት፣ ክራባቱን አጥብቆ ያሰረው የሰው ኃይል ኃላፊና ቃለ ጉባኤ የምትይዘው ወጣት ጸሐፊ።

«ይህ ምንድን ነው?» አለ የሰው ኃይል ኃላፊው።

«ምስክሬ ነው። ሶኬት የት ነው ያላችሁ?»

ኃላፊው ወደ ሐኪሙ ዞረ። ሐኪሙ መነጽሩን አወለቀ። «አንቺ፣ ኤምአርአይ ተነስተሻል እኮ። ከኤምአርአይ በኋላ አልትራሳውንድ ማለት ምንድን ነው?»

«ኤምአርአይ ሰው አይመርጥም ይላሉ፣ ዶክተር። አልመረጠም። ያስተኛው ሰው እንዳስተኛው ነው ያየኝ። አሁን እርስዎ እየተቆጣጠሩ ልየው። ምንም ከሌለብኝ ወረቀታችሁን እዚሁ እፈርማለሁ።»

ይህን ስትል ኃላፊው ፊቱ ፈካ። ጸሐፊዋ ራሷ ተነስታ ሶኬቱን ሰካችላት።

እትዬ ጄል ጃኬቷን አወለቀች፤ ብቻዋን ስለነበር ጊዜ ወሰደባት፣ ማንም እንዲያግዛትም አልፈለገችም። ከሥር እጅጌ የሌለው ሸሚዝ ለብሳለች። ጄሉን ትከሻዋ ላይ ጨመቀች፤ እውነትም ይቀዘቅዛል። ቀኝ መዳፏን ከወገቧ ኋላ፣ የቂጥ ኪስ ላይ አሳረፈች፤ ከላይኛው አጥንት ሥር የተደበቀው ጅማት ወደ ፊት የሚወጣው እንዲያ ሲሆን ነው። ሕመሙ እስከ ክርኗ ወረደ። በግራ እጇ ፕሮቡን አሳረፈች።

«ይኸውልዎ» አለች። ስክሪኑ ላይ ነጭ ከሆነው ጅማት መሃል ጥቁር ነጥብ ታየ።

ጋሼ ማግኔት ወንበሩን አስጠግቶ አየ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ፕሮቡን አቅኚው» አላት።

አቀናችው። ጥቁሩ ነጥብ ነጭ ሆነ። ጅማቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ደህና ነበር።

ጅማት የድምፅ ሞገዱ ቀጥ ብሎ ካልወረደበት ጥቁር መስሎ ይታያል፤ ያልተበጠሰውን የተበጠሰ ያስመስለዋል። ለተለማማጅ ሁሉ በመጀመሪያው ቀን የምታስተምረው ይህንኑ ነው። የራሷን ትከሻ በራሷ እጅ፣ አንገቷን ጠምዝዛ ስታይ፣ ያውም የምታገኘውን ቀድማ ወስና ስታይ ተሸወደች። ፊቷ እስከ ጆሮዋ ድረስ ጋለ። ወለሉ ተከፍቶ ከነማሽኗ ቢውጣት ደስ ባላት።

«እንግዲህ ኤምአርአዩም ያለው ይህንኑ ነው» አለ ሐኪሙ። ደስ አላለውም፤ እሱም አፍሮላታል፤ ይህ ደግሞ ከሁሉም ባሰባት።

የሰው ኃይል ኃላፊው ደብዳቤውን በጠረጴዛው ላይ ወደ እሷ አንሸራተተ፤ ብዕር ጨመረበት። «ቃልዎን ሰጥተዋል።»

እትዬ ጄል ብዕሩን አየችው። ትከሻዋ ይመታል፤ እንደ ሁለተኛ ልብ ይመታል። ጅማቱ ደህና ነው፣ ሕመሙ ግን ውሸት አይደለም። ከሁለቱ አንዱን መካድ የለባትም። ጉዳቱ ሌላ ቦታ ነው ማለት ነው።

«አልጨረስኩም» አለች።

«አየነው እኮ!»

«ያያችሁት እኔ የፈለግኩትን ነው። ከፊት መጀመር ነበረብኝ። ተለማማጅ እንዲህ ዘሎ ቢጀምር እጁን ነበር የምመታው።» ወደ ሐኪሙ ዞረች። «ከእንግዲህ እኔ አልናገርም። እርስዎ ይዘዙኝ፤ በየት በኩል ልሂድ?»

ጋሼ ማግኔት መነጽሩን መልሶ አደረገ። ተማሪ ሳለ የተማረው ሁሉ ፊቱ ላይ ሲመለስ ታያት። «ክርንሽን ጎንሽ ላይ አጣብቂው። መዳፍሽ ወደ ላይ። ከፊት፣ ቦዩ ላይ።»

በክንድ አጥንት ፊት ለፊት ትንሽ ቦይ አለች። የክንድ ጡንቻ ረጅሙ ጅማት በእሷ ውስጥ ተኝቶ ያልፋል፤ ከደረት በኩል የሚመጣ ሌላ ጅማት ደግሞ ከቦይዋ እንዳይወጣ ይዞት ይኖራል። ስክሪኑ ላይ ጅማቱ ክብ ሆኖ፣ ቦዩ ውስጥ ቁጭ ብሎ ታየ። ደህና ነው። ኃላፊው ሰዓቱን አየ።

«አሁን ክርንሽን ሳታነሺ እጅሽን ወደ ውጭ አዙሪው» አለ ሐኪሙ።

አዞረችው። ያ ክብ ነገር በቀስታ ተንቀሳቀሰ፣ የቦዩን ጠርዝ ወጣ፣ ከዚያ ተንሸራቶ ወደ ውስጥ ወደቀ። «ቀጭ» ያለውን ጸሐፊዋ እንኳ ከተቀመጠችበት ሰማችው። እትዬ ጄል እንባዋ መጣ፤ ግማሹ ሕመም ነው፣ ግማሹ ደስታ።

«ድገሚው።»

ደገመችው። ደግሞ ወጣ። ሐኪሙ «ስጪኝ» ብሎ ፕሮቡን ራሱ ያዘ። ስንት ዓመቱ እንደሆነ እሱ ያውቃል ፕሮብ ከያዘ፤ ቦታውን ግን አልሳተም። ፕሮቡን ወደ ደረቷ ጠጋ አደረገና መያዣው ጅማት ጋ ሲደርስ ቆመ። ከአጥንቱ ላይ ተቦጭቋል፤ ግማሹ የለም። እያቀናም እያዘመመም አየው፤ ጥቁሩ ጥቁር ሆኖ ቀረ።

«ክንድሽን ወደ ውስጥ ስትጫኚ የምትሠሪበት ጅማት ነው» አለ። «ሃያ ሁለት ዓመት ሆድ የተጫንሽበት።»

«ታዲያ ኤምአርአዩ ለምን አላየውም?» አለ ኃላፊው።

መልሱ ከበሩ መጣ። የኤምአርአዩ ባለሙያ መቼ እንደገባ ማንም አላየውም፤ የኤምአርአዩን ክፍል ቁልፎች በእጁ ጨብጦ ቆሟል። «እኔ ስላላነሳሁት» አለ። «በምሳ ሰዓት፣ ያለ ወረፋ፣ እጇን ሆዷ ላይ አድርጌ፣ ከአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው ያነሳኋት። እጇ ወደ ውስጥ ከተኛ ጅማቱ ቦታው ላይ ይሆናል። መያዣውን የሚያሳየው አቅጣጫ ደግሞ ጭራሽ የለም።» ይህን ብሎ ላቡን ጠረገ።

ጋሼ ማግኔት አንገቱ ሥር ድረስ ቀላ። «እኔም ሙሉ ነው ወይ ብዬ ሳልጠይቅ ፈረምኩበት» አለ። ቀጥሎ፣ አመሉ አይለቀውምና፣ «በደንብ ቢነሳ ኤምአርአዩም ያገኘው ነበር» ሲል ጨመረ።

«ያገኘው ነበር» አለች እትዬ ጄል። «እኔ መቼ ማሽንዎን ጠላሁ? ሁለቱም ያያሉ። እኔም ተሳስቼ ነበር፣ እርስዎም፣ እሱም። ውሸታም ተብዬ የተጻፈልኝ ግን እኔ ብቻ ነኝ።»

ሐኪሙ ደብዳቤውን አንስቶ ለሁለት አጠፈውና ኪሱ ከተተው። «ጉዳቱ በሥራ ምክንያት የመጣ ነው። ቀዶ ጥገና ያስፈልጋታል። ይጻፍ።» ጸሐፊዋ ጻፈች።

የሰው ኃይል ኃላፊው ግን ክራባቱን እየነካካ ሌላ ወረቀት ሲያገላብጥ ቆየ። «አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። ባለፉት አራት ወራት በየቀኑ ሃያ አምስት ታካሚ መርምረዋል። አንድም ቀን አልጎደለም። በዚህ ትከሻ እንዴት ይሆናል?»

«በግራዬ ነዋ የሠራሁት።»

ጋሼ ማግኔት ቀና አለ። «ሁሉንም?»

«እርስዎ የፈረሙባቸውን ሁሉንም።»

ሐኪሙ ፕሮቡን እንደያዘ ቀረ። አራት ወር ሙሉ የእሷን ምስሎች ሲያነብ አንድም ቀን እንከን አላገኘባቸውም፤ አሁን ያን ሁሉ በልቡ የሚያገላብጥ ይመስል ነበር። ኃላፊው ግን ፈገግ አለ፤ ከልቡ ነው፣ ክፋት የለበትም። ችግሩ ሁሉ በአንዴ የተፈታለት ሰው ፈገግታ ነው።

«እንዲህ ከሆነማ» አለ፣ «ምን አስጨነቀን? ቀዶ ጥገናውን ይደረጋሉ፣ አገግመው ይመለሳሉ፤ ከዚያ በግራዎ ይቀጥላሉ። አልጋ መግዛት የለ፣ ሰው መቅጠር የለ።»

እትዬ ጄል ፎጣ አንስታ ጄሉን ከትከሻዋ ጠረገች። ቀስ ብላ ነው የጠረገችው። ለባሏ እንኳ ያልነገረችው ነገር አለ፤ ለራሷም ደፍራ ያላለችው። ሦስት ሳምንት ሆነው፤ ግራ ትከሻዋ ከፊት ለፊት፣ እዚያው ቦታ ላይ፣ ማለዳ ማለዳ ይወጋታል።

«ግራዬም ጀምሮታል» አለች።

ኃላፊው ፈገግታውን ሰበሰበ፤ እሷ ግን ቀጠለች።

«አልጋው ከፍና ዝቅ የሚል ይሁን። በቀን አሥራ አምስት ሰው፣ በየመሃሉ እረፍት፤ ሁለተኛ መርማሪ ይቀጠር። እስከዚያ ያቺ ክፍል አትከፈትም። ብታባርሩኝ አባርሩኝ፤ በምትኬ የሚመጣውም ሰው ትከሻ አለው፣ እሱም እዚሁ መጥቶ ይነግራችኋል።» ጃኬቷን ከወንበሩ ላይ በግራ እጇ አነሳች። «ቀኙን ወስዳችሁታል። ግራውን አታገኙትም።»

ጸሐፊዋ ብዕሯን አንስታ ሦስቱንም በየተራ አየቻቸው። «የመጨረሻውም ይጻፍ?» አለች።

ኃላፊው አፉን ከፍቶ ነበር። ጋሼ ማግኔት ቀደመው።

«እንዳለችው ጻፊው» አለ። «እኔ እፈርምበታለሁ።»